አሮጌው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የማን እጅ ሥራ ነው? (ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያየሁት)

ቀለም ቀንድ፦

ሰላም ወገኖች። እኔ ዝም ብዬ የማነብ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን አላስቻለኝም።

እህቴ ካምብሪጅ ነው የምትኖረው። ባለፈው እሷ ጋ ስሄድ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች እንዳሉ አስቀድሜ ሰምቼ ስለነበር የአንባቢ ካርድ አወጣሁ። ሕንፃው ራሱ ጉድ ነው። መሐሉ ላይ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ የሚመስል ትልቅ ግንብ ቆሟል። የነደፈው ሰው ያንን የእንግሊዞችን ቀይ የስልክ ዳስ የነደፈው ጊልበርት ስኮት ነው አሉኝ። ሲያዩት ዝምድናው ያስታውቃል።

ወደ ነገሬ ልግባ። በ1804 ለንደን ላይ የተቋቋመው የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ያሳተመውንና የሰበሰበውን ሁሉ ያስቀምጥ ነበር። ያ ክምችት በ1980ዎቹ ወደ ካምብሪጅ ተዛወረ። በዓለም ላይ ካሉት የመጽሐፍ ቅዱስ ክምችቶች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። የዌልሽ፣ የቻይንኛ፣ የሞሆክ፣ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ቋንቋ ሁሉ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በኋላ እንዳትጣሉኝ።)

እኔ የፈለግሁት የ1840ውን የአማርኛ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። መጀመሪያ በተርጓሚው ስም ልፈልግ ብዬ ተንከራተትኩ። የኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አሥር ዓይነት ስለሚሆን አልቀናኝም። በቋንቋና በዓመት ስሞክር ወጣ። አመጡልኝ። ከስፖንጅ በተሠራ ትራስ ላይ አስተኙት። ገለጥኩትና ፊደሉን ሳይ ዕንባዬ መጣ፤ አልዋሽም። ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 15 ዓመት በፊት ለንደን የታተመ ሀ ሁ!

ስለ መጽሐፉ ሳነብ ቶማስ ፔል ፕላት የሚል ስም ደጋግሞ ይመጣል። እንግሊዛዊ የቋንቋ ሰው ነው፤ ለኅትመት ያዘጋጀው እሱ ነው። ተርጓሚው ግን «አቡ ሩሚ» የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። አቡ ሩሚ? ይህ የኛ ስም ነው? የሚያውቅ ሰው ካለ ንገሩኝ።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦

ልጄ፣ ደግ ነገር አነሣሽ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ስሙ እንዳልሽው ለጆሯችን ይከብዳል። ካይሮ ውስጥ ዐረብኛ ተናጋሪ መሐል ሲጠራ የተጣመመ ነው። ትክክለኛው አባ አብርሃም ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ዊልያም ጆንስ የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ካልካታ ሳለ ከአንድ የጎንደር ሰው ጋር ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ያደረገውን ጭውውት ጽፏል። የሰውየውን ስም «አብራም» ይለዋል። ያ ሰው የኛው አቡ ሩሚ ናቸው ይባላል። አስቢው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ተነሥቶ ሕንድ የደረሰ ሰው። ዛሬ ቪዛ ስንጠይቅ እግራችን ይንቀጠቀጣል።

በመጨረሻ ካይሮ ገቡ። ታመሙ። በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንሲል አሴሊን ደ ሸርቪል አስጠግቶ አስታመማቸው። ሲያናግራቸው ምን ዓይነት ሰው እንደያዘ ገባው። ከዚያ አብረው ሥራውን ጀመሩ።

አሠራራቸውን ቆንሲሉ ራሱ ተናግሮታል። 10 ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ቅዳሜ በሩ ለማንም እንግዳ አይከፈትም ነበር። የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ከፊታቸው ዘርግተው ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብለው ያነባሉ። ቃሉ ሲከብድ ቆንሲሉ ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ የሰባ ሊቃናቱን የግሪክ ትርጉም እያየ ያስረዳል። እሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው ይጽፋሉ። በገዛ እጃቸው፣ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ። ሲያልቅ 9,539 ገጽ ሆነ።

ሥራው ሲያልቅ ኢየሩሳሌምን ልሳለም አሉ። ሄዱ። ተሳልመው ካይሮ ሲመለሱ ወዲያው በቸነፈር ሞቱ። የታተመውን አንዲት ገጽ እንኳ አላዩም።

በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባል የእንግሊዝ ሚሲዮን ሰው ካይሮ መጥቶ ጽሑፉን ከቆንሲሉ በ1,250 ፓውንድ ገዛው፤ ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበሩ። ወንጌላቱ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው በ1840 ወጣ። አንቺ የዳሰስሽው የመጨረሻውን ነው።

ነጠላ ሠረዝ፦

9,539 ገጽ!!! እኔ አንድ ገጽ በእጅ ስጽፍ ጣቴ ይደነዝዛል።

ቀለም ቀንድ፦

አባባ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ የማክሰኞና ቅዳሜዋ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በሳምንት 2 ቀን፣ 10 ዓመት፣ ሺህ ቀን ገደማ። 9,539ን ለሺህ ብታካፍሉት በቀን 9 ገጽ ተኩል። ያውም ሳይታመሙ፣ ዓመት በዓል ሳይቆጠር። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ጂም እሄዳለሁ ብዬ ስንት ወር ቆየሁ? አንድ።

አራት ኪሎ ማኪያቶ፦

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም። ግን ይህም ከመቅደላው አንድ ነው። ቅርሳችንን ሰብስበው ወስደው በካርድ እያስገቡ ያሳዩናል። አንቺም አመስግነሽ ወጣሽ። አይከነክንሽም?

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦

ይከነክናል እንጂ። ነገር ግን አንድ ላይ አትፍጨው። የመቅደላው በ1868 በጦር የተወሰደ ነው። 350 ገደማ ብራናዎች ዛሬ የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ሆነው ተቀምጠዋል። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ጽፈው ስለጠየቁ አንድ ክብረ ነገሥት ተመልሶላቸዋል፤ ስለዚህ «አይመለስም» የሚለው ሕግ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ያንን ጠይቅ፤ እኔም አብሬህ እጠይቃለሁ።

የአቡ ሩሚ ግን ካይሮ ውስጥ ተጽፎ፣ ካይሮ ውስጥ የተሸጠ ነው። የ1840ው ደግሞ እዚያው ለንደን የታተመ መጽሐፍ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያልነበረን ነገር ማን ከኢትዮጵያ ይዘርፋል? የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ገንዘቡ የተከፈለው ጸሐፊው ከሞቱ በኋላ መሆኑ።

አራት ኪሎ ማኪያቶ፦

እሺ ጋሼ፣ ይህንን ተቀብያለሁ። በመቅደላው ግን አልደራደርም።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦

ማን ተደራደር አለህ!

ጉልባን፦

እኔ የሞኝ ጥያቄ አለኝ። ከአያቴ የቀረ አንድ አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አለን። የፊቱ ገጾች የሉም፤ ከዘፍጥረት ነው የሚጀምረው። ዓመቱ አይታወቅም። እናቴ «የምኒልክ ዘመን ነው» ትላለች። እናቴ ግን ያረጀ ነገር ሁሉ የምኒልክ ዘመን ነው የምትለው፤ የወጥ ድስታችንም ጭምር። እንዴት ነው የሚታወቀው?

ነጠላ ሠረዝ፦

@ጉልባን ፎቶ ላኪ፣ ፊደሉን እንይ። እኔ ማተሚያ ቤት ነው የሠራሁት፣ ፊደል ነፍሴ ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ፊደል ከተነሣ ዝም ማለት አልችልም።

የ1840ው ያስደንቃል፤ ግን ፊደላችን ማተሚያ ቤት የገባው ከዚያ ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ሮም፣ 1513። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ካህን ሮም ሲኖር የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲያዜሙ ሰማ። ምንም አልገባውም። መሐል ላይ ግን የማርያምንና የሐዋርያትን ስም ለየ። እግሩ እዚያው ቀረ። ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተማረና መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። የሚያስቀው፣ ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ያለው። የኛን ዳዊት አትሞ የባቢሎን ሰዎች አደረገን።

ቀጥሎ በ1548 ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ ወጣ፤ እዚያው ሮም። ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው፣ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ። በግራኝ ጦርነት ጊዜ ከአገር የወጡ ናቸው። ቫቲካን ጓሮ ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር የሚኖሩት። የግብረ ሐዋርያት ብራናቸው ጎደሎ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ መልሰው ሞሉት። እንግዲህ ስደት ላይ ሆነው ነው።

እኔን ግን የገደለኝ በመጽሐፉ የጻፉት ይቅርታ ነው። አባቶቻችን ወንድሞቻችን ሆይ፣ ስሕተቱን አትክፉብን ይላሉ። ፊደል የሚለቅሙት ማንበብ አያውቁም፤ እኛ ደግሞ መልቀም አናውቅም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እነሱ እኛን ረዱን፣ እኛም እነሱን ረዳን፤ ስለዚህ ለኛም ለነሱም ይቅር በሉን።

እኔ ማተሚያ ቤት የገባሁ ጊዜ ይህቺን ጥቅስ ባውቅ ኖሮ በየቀኑ ለአለቃዬ አነብለት ነበር።

የሰፈር ልጅ፦

«ዕውር ዕውርን እንደሚመራ» ይህ የኛ መሥሪያ ቤት መፈክር ነው 😂

ሁሩሙ፦

ጥሩ ውይይት ነው። ግን ኢትዮጵያ ስትሉ አማርኛና ግዕዝ ላይ ብቻ ቆማችኋል። ያንን ክምችት ካየሽ @ቀለም ቀንድ፣ የ1899ኙን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ጠይቂ። «መጫፋ ቁልቁሉ» ይባላል። በግዕዝ ፊደል ነው የታተመው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ባዝል አጠገብ ባለው ቅድስት ክሪሾና።

የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። የተወለደው ሁሩሙ አካባቢ፣ ኢሉባቦር። የልጅነት ስሙ ሂካ ነው። ገና ልጅ ሳለ ተሰረቀ። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 እዚያ ነፃ ወጣና የስዊድን ሚሲዮኖች አሳደጉት። ኦነሲሞስ የሚለውን ስም ሲሰጡት አስበውበት ነው፤ በፊልሞና መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ ስም ነው።

ሐዲስ ኪዳኑን በ1893 ምጽዋ አጠገብ፣ ምንኩሉ ላይ አሳተመ። ግን አንድ ችግር ነበረበት። ቋንቋውን የተለየው ልጅ ሆኖ ነው። የቤት ውስጥ ቃል ያውቃል፤ የሽማግሌ ቃል፣ የሸንጎ ቃል፣ የሐዘን ቃል ከየት ያምጣ? እዚህ ላይ ነው አስቴር ጋኖ የምትመጣው።

አስቴርም የተሸጠች ልጅ ነበረች። ወደ የመን ሲወስዷት በ1886 የጣሊያን መርከብ ባሕር ላይ አስጣላት። ከኦነሲሞስ በተቃራኒ እሷ ቋንቋውን ሙሉ ይዛ ነው የመጣችው። ወደ 15,000 ቃል ለቅማ መዝገብ አዘጋጀች። በመቶ የሚቆጠሩ ተረቶችና ዘፈኖችን ከቃል ወደ ጽሑፍ አወረደች። በ1894 ከኦነሲሞስ ጋር የማንበቢያ መጽሐፍ አወጣች። የመጽሐፍ ቅዱሱ ኦሮምኛ እንዲህ ጥሩ የሆነው የሷ ቃላት ስላሉበት ነው። ስታወሩ ግን ሁላችሁም «የኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስ» ነው የምትሉት። እኔም ጭምር፣ አሁን ከላይ አልኩት።

ቀለም ቀንድ፦

@ሁሩሙ ይህን አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። በተለይ የአስቴርን። ስሟን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ዘወትር ጸሎት፦

ሁሉም ቆንጆ ነው፤ አንድ ነገር ግን እየተዘለለ ነው። ይህ ሁሉ ትርጉም ለማን ነበር? የ1824ቱን ወንጌል ይዘው ሚሲዮኖቹ ጎባት እና ኩግለር በ1830 ወደ ትግራይ የመጡት እኛን ለማንበብ ሊያግዙ ነው ወይስ ሃይማኖታችንን ሊለውጡ?

ደግሞ ቆጥራችሁታል? የ1840ው 66 መጽሐፍ ነው። ማኅበሩ በ1826 «ተጨማሪ» የሚላቸውን መጻሕፍት በገንዘቤ አላሳትምም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ሲራክ፣ ጦቢት፣ ዮዲት ቀሩ። ሄኖክና ኩፋሌማ ጭራሽ በሐሳባቸውም የሉም። የኛ 81 ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ «አሥራ አምስቱን ልጆችህን አላውቃቸውም» እንደማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ እዚያው እንግሊዝ በዚያው ዘመን የሄኖክ ጉጉት ነበር። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ ይዞ የሄደውን የግዕዙን ሄኖክ ኦክስፎርድ ላይ ሎሬንስ የሚባል ሊቅ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳትሟል። ለሊቃውንቱ ሄኖክ ይፈቀዳል፤ ለጎጃም ገበሬ ግን ሲራክም አይፈቀድም?

የሰፈር ልጅ፦

እሳት መጣ። እኔ ፈንዲሻዬን ይዣለሁ።

ሊድስ ያለሁት፦

@ዘወትር ጸሎት እውነትህን ነው ስለ 66ቱ። ግን እናቴ ግዕዝ አታውቅም ነበር። ቅዳሴ ላይ ቆማ «እሰይ» ትላለች እንጂ ምን እንደተነበበ አታውቅም። በአማርኛ ማንበብ የቻለች ቀን ሌላ ሰው ሆነች። ያንን እንዴት «ተንኮል ነው» እላለሁ? ተንኮልም ካለበት ጥቅሙ የኛ ሆነ።

ዘወትር ጸሎት፦

እናትሽን አላልኩም እህቴ። ግን «ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ እንዳይገባው በግዕዝ ደበቀችው» የሚለው ወሬ ያናድደኛል።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦

ሁለታችሁም ተረጋጉና ስሙኝ። እኔ ትርጓሜ ቤት ስማር ንባቡ በግዕዝ ነው። መምህሩ ግን የሚያስረዱት በአማርኛ ነው። ቁጥሩን ያነባሉ፣ ወደ አማርኛ ይመልሱታል፣ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይሰጣሉ፣ «አንድም» ብለው ሌላ። እኛ በቃላችን እንይዛለን። እንግዲህ አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከአቡ ሩሚ በፊትም ነበር፤ በወረቀት ላይ አልነበረም እንጂ በሊቃውንቱ አፍ ላይ ነበር።

እኔ ሁልጊዜ የሚመስለኝን ልናገር። አቡ ሩሚ ዐረብኛውን ሲሰሙ ጆሯቸው ውስጥ የሚመጣው አማርኛ ከዚያ ቤት የሰሙት አማርኛ ነው። ከባዶ አልፈጠሩትም። ቆንሲሉ በሩን ዘጋ እንጂ የአገራቸውን መምህራን ድምፅ ከክፍሉ አላስወጣም።

ስለ 66ቱ ግን ዘወትር ጸሎት ያለው ልክ ነው፤ እኔም ይቆጨኛል።

አወያይ፦

እስካሁን በጨዋ ደንብ ሄዷል፤ አመሰግናለሁ። የሃይማኖት ክርክሩን ሌላ ክር ላይ ክፈቱት። ሁለት መልእክት አንሥቻለሁ፤ የማን እንደሆነ ባለቤቶቹ ያውቃሉ።

ቦስተን ዳር፦

እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። እዚህ ማሳቹሴትስ ነው የምኖረው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ በምን ቋንቋ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በእንግሊዝኛ አይደለም። በዚህ አገር ተወላጆች በዋምፓኖአግ ቋንቋ ነው። 1663፣ ካምብሪጅ። የአሜሪካው ካምብሪጅ፣ እንዳታምታቱት።

ስሙ የሚጠራው ጆን ኤልየት ነው፣ እንግሊዛዊ ሰባኪ። ግን ብቻውን አልሠራውም። ጆብ ነሱታን የሚባል የአገሬው ሰው በትርጉሙ አግዞታል። ፊደል ከለቃሚዎቹ አንዱ ደግሞ ኒፕመክ ከሚባለው የአገሬው ነገድ የተወለደ ነው፤ ከሙያው የተነሣ «ጄምስ ፕሪንተር» እየተባለ ቀረ። አታሚው ጄምስ እንደማለት። (@ነጠላ ሠረዝ ያንተ ሰው።) ከ12 ዓመት በኋላ ጦርነት ተነሣ፣ ብዙው ቅጂ ጠፋ፣ በ1685 እንደገና ታተመ።

ዘመን አልፎ ቋንቋው ሞተ። ከመቶ ዓመት በላይ አፉን የፈታበት ሕፃን አልነበረም። በ1990ዎቹ ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ የምትባል የዚያው ሕዝብ ሴት ተነሣች። ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቋንቋ ሊቁ ኬን ሄል ጋር ተማረች። ቃላቱን፣ ሰዋስዉን ከየት አገኙት? ከአሮጌ የመሬት ውሎች፣ ከደብዳቤዎች፣ በዋናነት ግን ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስ። እንግሊዝኛው በጎን ስላለ የማታውቂውን ቃል ቁጥር በቁጥር ታነጻጽሪያለሽ። ዛሬ ልጇ በዚያ ቋንቋ አፏን ፈትታለች።

እንግዲህ ያ መጽሐፍ የተሠራው ሰዎቹን እንደ እንግሊዝ ለማድረግ ነበር። መጨረሻው ምን ሆነ አያችሁ?

ሁሩሙ፦

ይህን ላስቴር ብነግራት ደስ ይላት ነበር።

ቀለም ቀንድ፦

@ቦስተን ዳር ወይ ጉድ! እኔ ስለ ካምብሪጁ አንድ ልጨምርና ልውጣ።

እዚያ ክምችት ውስጥ የሜሪ ጆንስ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። የዌልስ ልጅ ናት፣ የሸማኔ ልጅ፣ ድሃ። በ1800 ዕድሜዋ 15 ነበር። ስድስት ዓመት ሳንቲም አጠራቅማ፣ በባዶ እግሯ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ባላ ወደምትባል ከተማ ሄደች፤ በዌልሽ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ለመግዛት። ቶማስ ቻርልስ የሚባል ሰባኪ ሸጠላት። ይህ ታሪክ ለንደን ላይ ማኅበሩን ለማቋቋም ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው ይባላል። ያ ማኅበር በተቋቋመ በ16 ዓመቱ የአቡ ሩሚን ጽሑፍ ገዛ።

የኔ ቢጤ የገጠር ልጅ ስለሆነች መሰለኝ ሆዴን በላችው። አያቴ ከደብረ ወርቅ ዳዊት ልትገዛ ስንት ሰዓት እንደተጓዘች እናቴ ትነግረን ነበር። በባዶ እግር የሚለው እኛ ዘንድ ታሪክ አይሆንም፤ ጫማ ያደረገ ሰው ነበር ታሪክ የሚሆነው።

ሊድስ ያለሁት፦

መግባት ይቻላል ወይ ለማንም? እኔ ተማሪ አይደለሁም።

ቀለም ቀንድ፦

እኔም አይደለሁም። ቀድመሽ ጻፊላቸው፣ ምን ማየት እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው፤ መታወቂያና አድራሻሽን የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። ቦርሳ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ እርሳስ ብቻ። ገጹ እንዳይዘጋ እባብ የመሰለ ክብደት ይሰጡሻል፤ መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር። ጓንት የሚያስፈልግ መስሎኝ ገዝቼ ሄጄ ነበር፤ «እጅሽን ታጠቢ፣ ይበቃል» አሉኝ። 4 ፓውንድ ከሰርኩ።

ጉልባን፦

ፎቶ ልኬያለሁ። ጥራቱ ይቅርታ፣ መብራት የለም።

ነጠላ ሠረዝ፦

አየሁት። ይህ የ19ኛው መቶ ዓመት ፊደል አይደለም። እናትሽን አትንገሪያት፣ የምኒልክም አይደለም። መልኩ ንጹሕ ነው፣ ዘመናዊ። የ1954ቱን እትም ይመስለኛል፤ በኛ አቆጣጠር ነው ያልኩት።

ጉልባን፦

ኧረ! ግን ከጀርባው ማሰሪያው ሲላጥ ውስጡ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ ወጣ። 1968 ይላል። ስለዚህ የ1968 ነው?

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦

የለም ልጄ። ጋዜጣው የሚነግርሽ የተጠረዘበትን እንጂ የታተመበትን አይደለም። መጽሐፍ ይገነጠላል፣ ሰው ወስዶ ያስጠርዘዋል፤ ጠራዡ ያገኘውን ወረቀት ውስጡ ይለጥፋል።

አንድ ነገር እይልኝ። የፊቱ ገጾች የጎደሉት ተቀደው ነው ወይስ ተቆርጠው?

ጉልባን፦

ቆይ ልየው።

ተቆርጠው ነው አባባ። ቀጥ ብሎ። በምላጭ ይመስላል።

ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦

እንግዲያው ነጠላ ሠረዝ ያለው ትክክል ነው መሰለኝ። የ1954ቱ ከፊቱ የጃንሆይ መቅድም አለው። በ67ና በ68 ንጉሡ ያሉበትን ገጽ ቤቱ ማስቀመጥ የፈራ ብዙ ሰው ነበር። እኔ የማውቃቸው ጎረቤት በምላጭ ቆርጠው፣ እንደገና አስጠርዘው፣ መጽሐፉን መሶብ ውስጥ ነበር የሚያኖሩት።

እናትሽን ጠይቂያት፤ ማን እንደቆረጠው ታስታውስ ይሆናል።

ጉልባን፦

ጠየቅኋት። «እኔ ነኝ» አለች። «ገጾቹንስ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም፤ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። አሁን የቆርቆሮ ሣጥን ስትከፍት እየሰማሁ ነው።